ካስልቫኒያ ደረጃ 15፦ ማጭድ የሚወረውረውን «ሞት» እንዴት ልለፈው?

ናቲ 15፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያውን የካስልቫኒያ ቪዲዮ ጌም እየተጫወትኩ ነው። ሜዱሳን፣ ሙሚዎቹንና ፍራንከንስታይንን አልፌያለሁ። ደረጃ 15 ላይ ግን ተጣበቅኩ። ቦሱ (የደረጃው መጨረሻ ላይ ያለው ዋና ጠላት) «ሞት» ጋ ከመድረሴ በፊት ባለው መተላለፊያ መጥረቢያ ወርዋሪዎቹ ብረት ለበሶችና እየተወዛወዙ የሚበሩት የሜዱሳ ጭንቅላቶች ይጨርሱኛል። ልብ እየሰበሰብኩ ላይፌ ለምን አይጨምርም? ከዘለልኩ በኋላስ ለምን መመለስ አልችልም?

የሻማ ሰባሪ፦
ናቲ፣ እዚህ ጌም ውስጥ ልብ ላይፍ አይደለም፣ ጥይት ነው። ወደ ላይ ይዘህ የመምቻውን ቁልፍ ስትጫን ጩቤ፣ መጥረቢያ፣ መስቀል ወይም ጠበል ትወረውራለህ፤ በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ልብ ይቀነሳል። ጠላቶችን ለጊዜው የሚያቆመው ሰዓት ግን 5 ልብ ይበላል፣ ለዚህ ቦስም አይረዳህም። ትንሿ ልብ 1፣ ትልቋ 5 ትሰጥሃለች። ላይፍ የሚሞላልህ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀው ሥጋ ነው፤ ጥግ ላይ ያሉ ድንጋዮችን በጅራፍ እየመታህ ፈልግ።

ሳሪስ፦
ዝላዩን እኔ ልመልስ። ሳይመን (የምትጫወትበት ጀግና) ከመሬት ከተነሣ በኋላ አቅጣጫ አይቀይርም። የት እንደምታርፍ ሳትነሣ በፊት ወስን። ሲመቱህ ደግሞ ወደ ኋላ ይወረውሩሃል፣ ገደል አጠገብ ከሆንክ አለቀልህ። በመወጣጫ ደረጃዎች ላይ ስትሆን ግን ብትመታም አትወረወርም፣ ላይፍ ብቻ ነው የሚቀንስብህ።
መተላለፊያው ላይ አትሩጥ። ብረት ለበሱ መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ ከወረወረ ቁጭ በል፣ ዝቅ ካደረገው ዝለል። ጭንቅላቶቹ ማለቂያ የላቸውም፣ ስለዚህ ሁሉንም ልግደል አትበል። ከፍ ብሎ የሚመጣውን ቁጭ ብለህ አሳልፈው፣ ፊትህ የሚመጣውን ብቻ ምታ። ደረጃ 15 ላይ አራት ጊዜ ከተመታህ ትሞታለህ። አንድ እርምጃ ሄደህ፣ ቆመህ፣ አይተህ እንደገና መሄድ ይሻላል።

የጠበል ልጅ፦
ቦሱን በጠበል ነው የምታሸንፈው። ጠርሙሱ መሬት ላይ ተሰብሮ እሳት ሲያነሣ፣ እሳቱ የነካው «ሞት» ባለበት ደርቆ ይቆማል። ሳይነቃ ሌላ ትደግመዋለህ፣ ከዚያ ሌላ። ሦስት በአንዴ የሚያስወረውረው ምልክት ካለህ እጁን ሳያነሣ ይወድቃል። ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጠብቀህ እግሩ ሥር ጣልበት።
ዋናው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ ሻማ ስትሰብር የሚወድቅ ሌላ መሣሪያ እንዳትነካ። ከነካኸው ጠበሉ ይቀየርብሃል። ራቅ ብለህ ቁም፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል።

ሳሪስ፦
ጠበል ከሌለውስ? መስቀሉም ጥሩ ነው። ሄዶ ስለሚመለስ በአንድ ውርወራ ሁለቴ ሊመታ ይችላል። ለጀማሪ እንዲያውም መስቀሉ ይቀላል ባይ ነኝ፣ ከሩቅ ሆነህ ትዋጋለህ።

የጠበል ልጅ፦
መስቀሉ ይመታል እንጂ አያደርቀውም፤ ማጭዶቹ መምጣታቸውን አያቆሙም። ጠበል ካለው ጠበሉን ይያዝ። ከሌለው በመስቀሉ እስማማለሁ።

ናቲ 15፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ቦሱ ጋ ደርሼ ብሞትስ?

የሻማ ሰባሪ፦
የደረጃ 15 መጀመሪያ ላይ ይመልስሃል። መሣሪያህ ይጠፋል፣ ጅራፍህ ያጥራል፣ ልብህ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሻማዎቹን ሰብረህ ጅራፍህን አስረዝም። ነፍስህ (የቀረህ የመሞከሪያ ዕድል) ሁሉ አልቆ ኮንቲኒው (ቀጥል) ካልክ ደግሞ ከደረጃ 13 ትጀምራለህ። ኮንቲኒው ገደብ ስለሌለው አትጨነቅ። እንዲያውም ከ13 ጀምረህ መሣሪያህንና ልብህን አሟልተህ መምጣቱ፣ 5 ልብ ይዞ እዚያው መተላለፊያ ላይ ከመታገል ይሻልሃል።