«እናትሽን እርሺያት»? ምን ዓይነት ምክር ነው!

ወረቀትና ብዕር፦ አንድ የኮሌጅ ማመልከቻ አማካሪ በቪዲዮ ምን ይላል መሰላችሁ? «ተጽዕኖ ስላሳደረችባችሁ ሴት ስትጽፉ እናታችሁን እርሷት፤ አንባቢዎቹ ሰልችቷቸዋል።» ልጄ ይህን ሰምታ የጻፈችውን ሁለት ገጽ ቀደደችው። አሁን ስለ ማሪ ኩሪ ልጻፍ ትላለች። ስለ ማሪ ኩሪ የምታውቀው ኖቤል መሸለሟን ብቻ ነው!

ሰባተኛው ረድፍ፦ ሰውየው ልክ ነው። ስለ እናት ሲሆን ሁሉም ያው ነው። ተርባ አበላችኝ፣ ሳትተኛ አሳደገችኝ። ማስለቀሻ እንጂ ድርሰት አይደለም።

ጠዋት ተነሺ፦ «ማስለቀሻ»? ተርባ ያበላች እናት ማስለቀሻ ተባለች?

ሰባተኛው ረድፍ፦ ድርሰቱን ነው ያልኩት። አንብበሽ ተቺ እንጂ።

ጠዋት ተነሺ፦ አንብቤያለሁ። ሁለት ጊዜ።

የላብራቶሪ ሰው፦ ማሪ ኩሪ ምን አደረገቻችሁ? ችግሩ ሰው ስለሷ ሲጽፍ የሽልማት ዝርዝር መገልበጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ፊዚክስ፣ በ1911 ኬሚስትሪ፣ አለቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኤክስሬይ መኪና ላይ አስጭና ወደ ግንባር መሄዷን ማን ይጽፋል? ልጇ ኢሬን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለች አብራት ሠርታለች። በ1935 ኢሬንም ከባሏ ጋር ኖቤል ተሸለመች። እንግዲህ ኢሬን ድርሰት ብትጽፍ «እናትሽን እርሺያት» ልትባል ነው?

ሰባተኛው ረድፍ፦ የኢሬን እናት ማሪ ኩሪ ናት። ያንተ እናት ማሪ ኩሪ ናት?

ጠዋት ተነሺ፦ አሁን ደግሞ የሰው እናት ውስጥ ገባህ! ማስለቀሻ አልበቃህም?

ድሮ ገምጋሚ፦ ለጥቂት ዓመታት ማመልከቻ አንብቤያለሁ። ኮመን አፕ ላይ (ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ነው) የድርሰቱ ገደብ 650 ቃል ነው። ልጁ 600ውን ለሴትየዋ ይሰጥና በቀረችው 50 «እኔም እንደሷ መሆን እፈልጋለሁ» ይላል። አንብበህ ስትጨርስ ሴትየዋን መቀበል ያምርሃል። ልጁ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም።

ሰባተኛው ረድፍ፦ ይኸው! አማካሪው ልክ ነው ማለት ነው።

ድሮ ገምጋሚ፦ አላልኩም። እናት አልሰለቸችኝም። የሰለቸኝ «ጠንካራ፣ ታታሪ፣ ሩኅሩኅ» የሚለው ነው። እናትየው አንድ ቀን ምን አለች? ልጁ በዚያ ምክንያት ምን ተወ፣ ምን ጀመረ? እሱ ካለ ማሪም ትሁን እናት ለኔ ግድ የለኝም። ወይዘሮ ወረቀት፣ የተቀደደው ውስጥ ምን ነበር?

ወረቀትና ብዕር፦ ስለ እኔ ነበር።

ሰባተኛው ረድፍ፦ አሃ! ለካ ንዴቱ የራስሽ ነው!

ወረቀትና ብዕር፦ ቢሆንስ? አሥራ ሰባት ዓመት አሳድጌ ሁለት ገጽ ይብዛብኝ?

አውቶቡስ ጠባቂ፦ ታዋቂ ሴት ካስፈለገ ክሎዴት ኮልቪን አለችላችሁ። ሁሉም ስለ ሮዛ ፓርክስ ይጽፋል። ክሎዴት አሜሪካ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው ከሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በማርች 1955 ነው። ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ከአመልካቾቹ ራሳቸው ታንሳለች።

ጠዋት ተነሺ፦ ጥሩ ሐሳብ። ግን ይህን ያነበበ ሁሉ ነገ ስለሷ ይጽፍና እሷም «ሰልችታናለች» ትባላለች።

የላብራቶሪ ሰው፦ የሰለቸው አንባቢ ሥራ ይቀይራ!

ድሮ ገምጋሚ፦ ቀይሬያለሁ።

ወረቀትና ብዕር፦ ልጅቷ አሁን ደግሞ ስለ ሒሳብ መምህሯ ልጻፍ አለች።

ሰባተኛው ረድፍ፦ መምህርማ ከእናትም የባሰ የተሰለቸ ነው።

ጠዋት ተነሺ፦ ኧረ አንተ ራስህ ሰለቸኸን!

ሰባተኛው ረድፍ፦ እና «ማስለቀሻ» ያልኩት ድርሰቱን ነው። ለሦስተኛ ጊዜ።

ጠዋት ተነሺ፦ ሁለተኛ ነው። ቁጠረው።