የልብ ድካም ላለበት ሰው የኤሌክትሪክ ሳይክል፦ የሞተሩን እገዛ ምን ያህል ላድርገው?

ሰላም የድሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

አባቴ የቆየ የልብ ድካም አለበት። ሐኪሙ «አሁን ተረጋግተዋል፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይጀምሩ» ብሎታል። በምን ያህል ጉልበት የሚለውን ግን አልነገረንም፤ ቀጠሮው ደግሞ ሩቅ ነው። አጎቴ የኤሌክትሪክ ሳይክል ሰጠው፤ ፔዳሉን ሲመታ ሞተሩ የሚያግዘው ዓይነት።

ችግሩ እገዛው ላይ ነው። ከፍ ሳደርገው እግሩ እንዲሁ ይዞራል፣ ስፖርት አይባልም። ዝቅ ሳደርገው ትንፋሹ ያጥረዋል። ከዚራ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ደህና ነው። ጓደኞቹ ጋ ሲደርስ ግን ጭራሽ ሞተሩን ያጠፋዋል! ኩራት መሆኑ ነው አቦ።

በልብ ምት እንዳልለካው ቤታ ብሎከር ይወስዳል፤ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩ አያስተማምንም። ለጊዜው የምለካው በወሬ ነው። እየነዳ ሳይቆራረጥ ካወራ ይቀጥላል፣ ካቃተው ያርፋል። ሰውየው ራሱ ድካሙን ከ6 እስከ 20 ባለ ቁጥር የሚናገርበትን የቦርግ የድካም መለኪያም ሞክሬ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 14 ነው የሚመከረው። የአባቴ መልስ ግን ሁሌም «ምንም አልደከመኝም» ነው።

ሙቀቱም አለ። ላሲክስ የሚባለው መድኃኒቱ በሽንት ውሃ ያስወጣዋል፣ ፀሐዩ ሲጨመርበት ራሱን ያዞረዋል። ስለዚህ የምንወጣው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ክብደቱን እመዝነዋለሁ፤ በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ሰውነቱ ውሃ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ሳይክሉ ቀርቶ ወደ ሐኪም ነው።

እገዛውን ከከፍተኛው ጀምሮ መቀነስ ይሻላል ወይስ ከመሃል መነሳት? በድሬም ሆነ በሐረር የልብ ታማሚ የሚያሠራ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።