ለሁለቱም እኩል 15,000 ብር ዋስ፣ ወንድሜ ግን አልወጣም

የጀበናዋ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጅማ ሄርማታ ነኝ፣ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ከአንድ ነጋዴ ልጅ ጋር ተጣልተው ሁለቱም ተፈነካከቱ፣ ሁለቱም ተያዙ። ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 15,000 ብር አስይዘው ይውጡ አለ። የነጋዴው ልጅ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወጣ። የኔው ዛሬ 9 ቀኑ። ጠዋት ፍርፍር ይዤ ስሄድ ፖሊሱ «ቅመሺ» ይለኛል፤ ፊቱ ጎርሼ አሳየዋለሁ፣ ከዚያ ምሳ ዕቃው ይገባል። ትናንት ሳይነካ ተመለሰልኝ። አንዱ ደግሞ «እኩል ነው የተባሉት፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ። እጄ ላይ ያለው የዕቁብ 4,000 ብር ነው። ማስቀነስ ይቻላል?

ጡረተኛው፦
አይዞሽ ልጄ፣ ይቻላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 69፣ የዋስትናው መጠን ሲወሰን የክሱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የተያዘው ሰውና የዋሶቹ አቅምም እንዲታይ ያዛል። ስንት እንደሚያገኝ፣ ማንን እንደሚያስተዳድር ጽፋችሁ እዚያው ችሎት አመልክቱ። ካልሆነም በብሩ ፋንታ የደመወዝ ዋስ ይቀበሉን በሉ። ዋስትና ጭራሽ ቢከለከል ኖሮ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ነበር፤ የእናንተ ግን ተፈቅዷል፣ ብሩ ነው የከበደው።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ግን የደመወዝ ዋስ ለማግኘትም እኮ ደመወዝተኛ ዘመድ ያስፈልጋል! እኔ ለአጎቴ ልጅ ልሆን ብዬ መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤውን ለመጻፍ ሳምንት አመላለሰኝ። እህቴ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው፣ እዚያ ሂጂ። ማመልከቻው በኦሮምኛ ይሁን፤ የችሎቱ ቋንቋ እሱ ነው። ብር ካስያዝሽም ደረሰኙን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው፣ ቀጠሮ ካልቀረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል።

የጀበናዋ፦
ሄድኩ። አንዷ ልጅ ቁጭ ብላ ጻፈችልኝ። «በቀን ስንት ያገኛል?» ስትለኝ የሚሠራውን ነገርኳት። «ለባለቤቱ ከሚያስገባው ሌላ?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ቤንዚኑን ቀነስን፣ ከዚያ ደግሞ ጎማውን። እኔም እኮ እስከዛሬ ተቀምጬ አስልቼው አላውቅም፤ አፈርኩ። ነገ 3 ሰዓት ይቀርባል። ዛሬ ቅንጬ አድርጌ ነበር የወሰድኩለት፣ ምሳ ዕቃው ባዶውን መጣ።

ጡረተኛው፦
በጊዜ ድረሺ፣ 2:30 በሩ ላይ ሁኚ።