ሰሞነኛ ዲያቆን በዐቢይ ጾም የከሰዓት በኋላ ኮርስ ቢመዘገብ አቴንዳንሱ እንዴት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዲያቆን ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ በሚገኝ አንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ በቀን መርሐ ግብር የሁለተኛ ዓመት የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ባለች ደብርም በዲቁና አገለግላለሁ። የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚጀመር፣ የምዝገባ ቅጹን (ስሊፑን) ከመፈረሜ በፊት በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የግሪክኛ ቋንቋ ሁለተኛው ኮርስ ባለ 3 ክሬዲት ሲሆን፣ ለእኛ ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8፡00 እስከ 9፡30 ይሰጣል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የምንወጣው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልዑክ (ቀዳሽ) ሆኖ የገባ ዲያቆንም ቅዳሴው ሳይፈጸም አይወጣም። በሦስት ምድብ ተከፍለን በየሰሞኑ፣ ማለትም በየሳምንቱ ተራ ይዘን፣ ስለምንቀድስ ከምድባችን አንድ ሰው ቢጎድል አምስቱ ልዑካን አይሟሉም። የእኔ ተራ በዘወረደ፣ በመፃጉዕና በኒቆዲሞስ፣ ማለትም በጾሙ 1ኛ፣ 4ኛና 7ኛ ሳምንት፣ ይውላል። በሰሙነ ሕማማት ኮሌጁ ዝግ ስለሆነ እሱ አያሳስበኝም።

ኮርሱን ልተወው እንዳልል በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከመሆኑም በላይ ለሦስተኛ ዓመቱ የአዲስ ኪዳን ጥናት ቅድመ ሁኔታ ነው። የኮሌጁ መመሪያ 85 በመቶ መገኘትን ግዴታ ያደርጋል። ግሪክኛውን ረቡዕና ዓርብ ጧት የሚማር ሌላ ሴክሽን ቢኖርም ከግእዝ ኮርሴ ጋር ይጋጭብኛል። ከደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ባመጣ የቀረሁባቸው ቀናት እንደተገኘሁ ይያዙልኛል ወይ? እስካሁን 54 ክሬዲት ጨርሼ ሲጂፒኤዬ (አጠቃላይ አማካይ ውጤቴ) 3.20 ነው፤ እንዳይበላሽብኝ ሰግቻለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ስሊፑን ሳይፈርሙ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ብዙዎች ወደ እኛ መስኮት የሚመጡት የፈተና መግቢያ ስም ዝርዝር ላይ ስማቸውን ካጡ በኋላ ነበር።

በመጀመሪያ መቅረትን በቀን ሳይሆን በሰዓት ያስሉት። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ሆኖ ለ16 ሳምንት ሲሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል፤ የዚህ 15 በመቶ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። አንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ አራት ጊዜ ቢቀሩ 6 ሰዓት ሆኖ ያልፍልዎታል፤ አምስተኛው ግን 7 ሰዓት ተኩል ያደርሰዋል። በእያንዳንዱ ሰሞን ሁለት ክፍለ ጊዜ ያመልጥዎታል፤ ስለዚህ በዘወረደና በመፃጉዕ የተፈቀደልዎትን በሙሉ ይጨርሱታል ማለት ነው። በኒቆዲሞስ የቀሩበት ጊዜ 9 ሰዓት ይሞላል። በመካከሉ አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዝዎት ወይም ታክሲ ቢጠፋ ደግሞ እስከ ኒቆዲሞስም አይደርሱም።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ እኔ በሠራሁበት ቦታ ደብዳቤ የሚጠቅመው ያመለጠውን አጭር ፈተና ወይም የቤት ሥራ እንዲያካክሱ ነበር እንጂ የቀሩበትን ሰዓት እንደተገኙ አያስቆጥርም። መምህሩ ራሱ «እኔ ፈቅጃለሁ» ቢልዎ እንኳ በቃል የተሰጠ ፈቃድ የማርክ ዝርዝሩ ወደ ሬጅስትራር ሲመጣ ዋጋ የለውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስነው አካዳሚክ ኮሚሽኑ ስለሆነ ማመልከቻዎን በዲኑ በኩል አስገብተው ቁጥርና ማኅተም ያለበትን መልስ ይያዙ።

ኢንኮምፕሊት ያድነኛል ብለውም አይተማመኑ። ኢንኮምፕሊት የሚሰጠው ትምህርቱን በሚገባ ተከታትሎ በታወቀ ምክንያት የማጠቃለያ ፈተናውን ወይም አንድ ሥራ ላላሟላ ተማሪ ነው፤ በተወሰነው ጊዜ ካልተሟላም ወደ ኤፍ ይለወጣል። አቴንዳንስ ያልሞላለት ተማሪ ግን መጀመሪያውኑ ለፈተና ስለማይቀርብ እዚያ ላይ አይደርስም።

ስለ ነጥብዎ ደግሞ ላሳይዎት። በ54 ክሬዲት 3.20 ማለት 172.8 ነጥብ ነው። በዚህ ሴሚስተር 17 ክሬዲት ተመዝግበው በ14ቱ ቢ (በክሬዲት 3 ነጥብ) ቢያገኙ 42 ነጥብ ይጨመራል፤ ግሪክኛው ኤፍ ከሆነ 214.8 ለ71 ተካፍሎ ወደ 3.03 ይወርዳል። ኮርሱን በጊዜው ድሮፕ ቢያደርጉት (ቢሰርዙት) ኖሮ ለ68 ይካፈልና 3.16 ይሆናል። ሲ ቢያገኙበት እንኳ 3.11 ነው። ስለዚህ ኮርሱ ከበደኝ ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ የሚያስፈራው ተመዝግቦ መቅረት ነው። የአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመሰረዣ) ቀን ካለፈ በኋላ ያለ ፎርም መጥፋት የሚያስከትለው ያንን ኤፍ ነውና።

በነገራችን ላይ የእርስዎ ዓይነት ጉዳይ በመጀመሪያው ሴሚስተርም አለ። መስከረም 21 ለንግሥ ግሸን የወጡ ዲያቆናት ሲመለሱ ምዝገባው አልፎ በቅጣት ሲመዘገቡ በየዓመቱ አይቻለሁ።

መልስ፦ የሴሚናሪ ተማሪ፣ ሐይቅ

እኔ የምማረው በወንጌላውያን ሴሚናሪ ስለሆነ ስለ ሰሞን የምለው የለኝም፤ ነገር ግን አንዳንድ ሰው ሊመክርዎ ስለሚችል አንድ ነገር ላንሣ። «ኮርሱን በክረምት በተጨመቀ መርሐ ግብር ውሰደው» የሚል ምክር ቢሰጥዎ ከመቀበልዎ በፊት ያስቡበት። 48 ሰዓቱ በሁለት ሳምንት፣ በአሥር የትምህርት ቀን ሲሰጥ በቀን ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፤ ያ 7 ሰዓት ታዲያ አንድ ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም። እኛ ዘንድ ለአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሄዶ በማግሥቱ ዘግይቶ የተመለሰ አገልጋይ ኮርሱን በድጋሚ እንዲወስድ ተደርጓል። ቋንቋ ደግሞ በአሥር ቀን የሚዋሐድ አይመስለኝም።

መልስ፦ መሪጌታ ከወልድያ

ልጄ፣ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ጽሑፍህን ሳየው የአብነት ተማሪ እንደነበርክ እገምታለሁ። ቅኔ ተቀኝተሃል ወይ? ከቅኔ ዓይነቶች ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ዘልቀህ ከሆነ ግእዝን እንደ ጀማሪ ተመዝግበህ ረቡዕና ዓርብ ጧት ምን ታደርጋለህ? የግሱን እርባታ በዋድላም ሆነ በሌላ ጉባኤ ቤት ሌት ተቀን የወጣ ደቀ መዝሙር በክፍል ውስጥ ቀዳማይና ካልኣይ አንቀጽ እያለ ግስ ሲቆጥር መዋሉ የጊዜ ብክነት ነው። ኮሌጅህ የመመዘኛ ፈተና ሰጥቶ ከኮርስ ነጻ የሚያደርግ አሠራር እንዳለው ጠይቅ። ካለው የግእዙ ሰዓት ይለቀቅልሃል፤ ግሪክኛውንም ከጧቱ ሴክሽን ጋር ትማራለህ፤ በጾሙም ከቅዳሴህ አትቀርም።

የሬጅስትራሩ ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ሆኖም አገልግሎትን እንደ ማንኛውም መቅረት መቁጠሩ ለመንፈሳዊ ኮሌጅ የሚገባ አይመስለኝም። ካህን ለማፍራት የቆመ ትምህርት ቤት የጾም ቅዳሴ ባለበት ሰዓት ኮርስ ማስቀመጡ ራሱ መታረም ያለበት ነገር ነው። ይህንንም በማመልከቻህ ላይ በአክብሮት ጻፈው።

ፈተናው ባይሆንልህ ደግሞ ቄሰ ገበዙን አነጋግረህ የኒቆዲሞስን ሰሞን ከሌላ ምድብ ዲያቆን ጋር ተለዋወጥ። በበዓለ ሃምሳ ቅዳሴው በጧት ስለሆነ ያን ጊዜ የእርሱን ተራ ትይዝለታለህ። ሰሞን መለዋወጥ የነበረ ነው፤ ማንም አይቀየምህም።

መልስ፦ የቀድሞ የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

መሪጌታ ያመጡት ሐሳብ ከእኔ የተሻለ ነው፤ ስለ ሰዓት ድልድሉም አልከራከርዎትም። ለዲያቆኑ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የመመዘኛ ፈተናው ማመልከቻ ከምዝገባ በፊት ይግባ፤ ስሊፑ ላይ ግእዝ ከተጻፈ በኋላ ጉዳዩ የድሮፕ ጉዳይ ይሆንና በሌላ ፎርም ነው የሚሄደው። ሁለተኛ፣ ከኮርስ ነጻ መሆን ውጤት አያስገኝም፤ ሲጂፒኤ ውስጥም አይገባም። ክሬዲቱ ለምረቃ ከሚያስፈልገው ድምር ላይ ይቆጠር ወይም በሌላ ኮርስ ይተካ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። መተካት ካለበት የሚተካውን አሁኑኑ ይምረጡ፤ የመጨረሻው ዓመት ላይ 3 ክሬዲት ጎድሎባቸው ምረቃ ያመለጣቸው ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ደግሞም አብሽር፣ ምዝገባው ገና ሳምንት አለው።

ጠያቂው፦ ዲያቆን ከደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሪጌታ፣ እንደገመቱት ቅኔ ተቀኝቻለሁ፤ የአብነት መምህሬ የሰጡኝ የምስክር ወረቀትም በእጄ አለ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኮሌጁ ሄጄ እንደጠየቅሁት የመመዘኛ ፈተና አለ፤ ለማመልከት ግን የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፣ እርሳቸውም ሰኞ ነው የሚገቡት። ክሬዲቱ ይተካ ወይም ይቆጠር የሚለውን የጠየቅኋት የሬጅስትራር ሠራተኛ «በማመልከቻው ላይ ጻፈውና መልሱን ኮሚሽኑ ይስጥህ» ብላኛለች። ቄሰ ገበዙንም አነጋግሬ የኒቆዲሞስን ሰሞን የሚለውጠኝ ዲያቆን ተገኝቷል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ፈተናው ከምዝገባው መዝጊያ ቀን በኋላ ቢውል ግሪክኛውን በየትኛው ሴክሽን ልፈርም?

መልስ፦ የቀድሞ የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

በከሰዓቱ ይፈርሙ። ግእዙ እስኪለቀቅ ድረስ ሁለት ኮርስ በአንድ ሰዓት መመዝገብ አይቻልም። ፈተናውን ሲያልፉ በአድ ኤንድ ድሮፕ ሳምንት ግእዙን ያስወጡና ሴክሽን ይቀይሩ፤ የመቀየሪያው ፎርም ላይ የሁለቱም ሴክሽን መምህራን መፈረማቸውን ያረጋግጡ። ያለዚያ ስምዎ በአንዱ ዝርዝር ላይ ቀርቶ በዚያ እንደቀረ ተማሪ ይቆጠራሉ።