ጌም ቦይ ከለር፦ ቁልፎቹን ከቀየርኩ በኋላ A ተጭኖ ይቀራል፣ ግራ ስጫን ላይም ይሠራል

ሰላም ለሁላችሁ። የጌም ቦይ ከለሬን (በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ) ቁልፎችና ከሥራቸው ያሉትን ጎማዎች በአዲስ ቀየርኩ። አሁን A ሲጫኑት ቶሎ አይመለስም። መስቀሉን (የአቅጣጫ ቁልፉን) ወደ ግራ ስጫነው ደግሞ «ላይ»ም አብሮ ይሠራል። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ሽቦ_አልባ፦
ቦርዱን ተወው። መጀመሪያ የኋላ ብሎኖቹን ሁሉ በግማሽ ዙር አላላና ሞክረው። ችግሩ ከጠፋ አጥብቀህ አስረኸዋል ማለት ነው፤ ጎማው ሳይነካ እየተጨመቀ ነው። ብሎኑ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚገባ፣ ስትመልሰው መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረህ «ቀጭ» ሲል ወደ ቀኝ እሰር፤ አለዚያ አዲስ ጥርስ ያወጣል። ሲቆም በቃ።

ካርቦን፦
በዚያ ካልጠፋ ክፈተው። ውጪ ያሉት 6 ብሎኖች (2ቱ ባትሪው ቤት ውስጥ ናቸው) ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ ይፈልጋሉ፣ ቦርዱን የያዙት 3ቱ መስቀለኛ ናቸው። ቦርዱን ከማንሳትህ በፊት የስክሪኑን ፍላት ኬብል (ጠፍጣፋ ሽቦ) መቆለፊያ በሁለቱም ጫፍ እኩል አላላ። በአንድ በኩል ብቻ ከሳብከው ይሰበራል፣ እሱ ከተሰበረ ደግሞ የቁልፉ ነገር ቀላል ነበር ትላለህ።

A ቁልፍን ብቻውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ካቨሩን ገልብጠው። በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። ከያዘ፣ ዙሪያው ላይ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቀጭን የፕላስቲክ ጠርዝ አለ ማለት ነው። በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጎኑን ብቻ ቀስ እያልክ አሸው፤ ፊቱን አትንካ። ዘይት ወይም ቅባት አታድርግ፣ ወደ ጎማው ወርዶ ቆሻሻ ይሰበስባል።

ፒክስል፦
ስለ መስቀሉ፦ ጎማው ቀዳዳዎቹ በካቨሩ ችንካሮች ላይ በትክክል መግባታቸውን እይ። ትንሽ ሸሽቶ ከሆነ ከጎማው ሥር ያለው የ«ላይ» ጥቁር የካርቦን ነጥብ ሁልጊዜ ቦርዱን ሊነካ ምንም አይቀረው። ተስተካክሎም ካልዳነ አሮጌውን ጎማ ከአዲሱ መስቀል ጋር ሞክር። ከዳነ አዲሱ ጎማ በጣም ለስላሳ ነው። ካልዳነ ከመስቀሉ ሥር መሃል ላይ ያለችው እብጠት አጥራለች፤ ስለዚህ መስቀሉ አንዱን ክንፍ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ይዞ ይወርዳል። ያኔ ኦሪጅናሉን መስቀል መልስ፣ ቀለሙ ባይመሳሰልም።

ካርቦን፦
@ፒክስል ልክ ነው። ቦርዱን ስታጸዳም ጎማው የሚነካቸውን ጥቁር ነጥቦች በአይሶፕሮፒል አልኮል በነከርከው ጥጥ ብቻ ጥረግ፣ ሳይደርቅ አትግጠም። በቢላ አትፋቅ፤ ጥቁሩ ቆሻሻ ሳይሆን ራሱ የካርቦን ሽፋኑ ነው።

ጠያቂ፦
ብሎኖቹን ሳላላ መስቀሉ ተስተካከለ። A ግን እንደያዘ ነው፣ ልከፍተው ነው።