አስቸኳይ፦ ሥጋዬ «ማርብሊንግ የለውም» ተብሎ ተመለሰብኝ፤ የትኛውን ዝርያ ልግዛ?

አዳማ_ልኳንዳ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡20)
ሰላም ቤተሰብ። አስቸኳይ ነው፣ የምታውቁ ድረሱልኝ።
አዳማ ሥጋ ቤት አለኝ። አንድ ሆቴል ለቅዳሜ ማታ እራት ግብዣ 40 ኪሎ የስቴክ ሥጋ አዘዘኝ። ዛሬ ጠዋት ለናሙና 12 ኪሎ ላክሁ። ሼፉ ፈረንጅ ነው። አንዱን ቆርጦ አየና «ማርብሊንግ የለውም፣ ቀለሙም ጠቁሯል» ብሎ በሄደበት ሞተር መለሰልኝ። ቦረና እኮ ነው! ያን የሚያህል ከብት።
ጥያቄዬ አንድ ነው። ማርብሊንግ ያለው የትኛው ዝርያ ነው? ሐረር ልግዛ? አርሲ? ወይስ ክልስ? ዛሬ ማታ መግዛት አለብኝ። ፎቶ ልለጥፍ ነበር፣ ኔትወርኩ እምቢ አለ።

ጥሬ_ወዳድ
ሞተሩን ወደ እኔ አዙረው። አዋዜና ሚጥሚጣ ዝግጁ ነው።

ፋጉሎ_90
ፋጉሎና ፉርሽካ አብላው። ሞላሰስ ጣል አድርግበት። 90 ቀን። ማርብሊንጉ ራሱ ይመጣል።

አዳማ_ልኳንዳ
ወንድሜ፣ በሬው ታርዷል።

ፋጉሎ_90
ለሚቀጥለው ማለቴ ነው።

ብዙ_አንባቢ
መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳው። ማርብሊንግ ማለት በሥጋው ውስጥ እንደ ክር እንደ ክር ሆኖ የተሰራጨ ስብ ነው። ዳር ላይ የተለጠፈው ጮማ አይደለም። ከብት ሲሰባ ስቡ በየቦታው እኩል አይቀመጥም። ሆድ ዕቃውና ኩላሊቱ አካባቢ ቀድሞ ይሞላል። በጡንቻዎቹ መካከልና ከቆዳው ሥር ይከተላል። ጡንቻው ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ላዩ ሰባ ማለት ውስጡ ሰባ ማለት አይደለም።
ጃፓኖች ከ1 እስከ 12 ነጥብ ይሰጡታል። ኤ5 የሚባለው ከፍተኛው ደረጃ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘው ነው። የሚያዩት በ6ኛውና በ7ኛው ጎድን መካከል ቆርጠው ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በ12ኛውና በ13ኛው መካከል ቆርጠው ከላይ ወደ ታች ፕራይም፣ ቾይስ፣ ሴሌክት ይሉታል። ዋግዩ የሚባለውን የጃፓን ከብት የሚያርዱት ወደ 30 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፣ ያውም ረጅም ጊዜ እህል በልቶ። ከአውሮፓ ዝርያዎች አንገስና ሄርፎርድ ጥሩ ማርብሊንግ አላቸው። ሻሮሌና ሊሙዚን ሥጋቸው ብዙ፣ ስባቸው ትንሽ ነው። ሻኛ ያላቸው የእኛዎቹ ዜቡዎች፣ ቦረናም አርሲም ሐረርም፣ በዚህ በኩል ወደ ኋላ ናቸው። ሙቀትና ድርቅ ችለው ረጅም መንገድ ለመሄድ የተፈጠሩ ናቸዋ። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ጄኔቲክሱ...

አዳማ_ልኳንዳ
እግዜር ይስጥህ፣ ግን ቅዳሜ ነው ያልኩት። አንገስ አዳማ ውስጥ የት ይገኛል?

የቄራው_ልጅ
ፍራንኮ ጋ፣ ከባጃጅ ተራው ወረድ ብሎ። ዋግዩ ደግሞ ጉልቱ ላይ፣ ከሽንኩርቷ ሴትዮ አጠገብ።

ሥጋ_በጮማ
እኔ የማይገባኝ፣ ፈረንጅ ባለ ቁጥር ለምን እንሯሯጣለን? እኛ ጋ ጮማው ለብቻው ነው፣ ቀዩ ለብቻው። ሰው እንደ ምርጫው ያስቆርጣል፤ አንዱ ጮማ ያብዛልኝ ይላል፣ አንዱ ቀይ ብቻ። ለቁርጥ የሚሆን ሥጋ ዛሬ ታርዶ ዛሬ ይበላል። ውስጡ ስብ የገባበትን ሥጋ ጥሬውን ብላ ብትለኝ አፌ ውስጥ ይረጋብኛል። ሼፉ ነው መማር ያለበት።

አዳማ_ልኳንዳ
ሼፉን እንዳስተምር ሳይሆን እንዳቀርብለት ነው የተከፈለኝ። ቀብዱን ተቀብያለሁ።

ነጭ_ጋወን
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዝርያውን ለጊዜው ተወውና ይህን መልስልኝ። ሰንጋ ነው ኮርማ? ጥርሱ ስንት ነው? ከየት መጣ? መቼ ታረደ? ከታረደ በኋላ ሥጋውን የት አቆየኸው?

አዳማ_ልኳንዳ
ኮርማ ነው። አራት ጥርስ አውጥቷል። ከያቤሎ በአይሱዙ ተጭኖ ሰኞ ማታ ገባ። መኪናው ላይ ከሌላ ኮርማ ጋር ሲዋጋ ነው የመጣው፣ ሾፌሩ ራሱ ተማሮ ነበር። ማክሰኞ ማታ ታረደ። በማግሥቱ ረቡዕ ጾም ነው፣ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። እንዳይበላሽ ብዬ በትኩሱ ፈታትቼ ዲፕ ፍሪዝ ከተትኩት። ይሄ ከማርብሊንግ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነጭ_ጋወን
አንድ በሬ ላይ ሦስት ችግር አለብህ። ዝርያው ከሁሉም ትንሹ ነው።
አንደኛ፣ ያልተኮላሸ ኮርማ ነው። ኮርማ ሥጋ እንጂ ስብ አያበዛም። ያንተው ደግሞ ወጣት ነው። እንኳን ቦረና አንገስም ቢሆን በዚህ ሁኔታ ብዙ ማርብሊንግ አይሰጥህም።
ሁለተኛ፣ ጥቁረቱ። ከብት ሲደክም፣ ሲጠማ፣ ሲዋጋ ጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። ከታረደ በኋላ ያ ስኳር ነው ወደ አሲድ የሚለወጠው። ስኳሩ ካለቀ አሲዱ አይመጣም። ደህና ሥጋ በማግሥቱ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ያንተ ከ6 በላይ እንደቀረ እገምታለሁ። ከፈለግህ አሁን ከተመለሰው አንዱን ቁረጠውና በጣትህ ጫነው። ላዩ ደረቅ፣ ቢላው ላይ የሚጣበቅ፣ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ እሱ ነው።
ሦስተኛ፣ ፍሪዙ። ሥጋ ገና ሳይደርቅ፣ በትኩሱ በረዶ ውስጥ ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል። ተኮማትሮ ይቀራል። ምንም ብትጠብሰው ጎማ ነው።

አዳማ_ልኳንዳ
ቆረጥኩት። ቢላው ላይ ተጣበቀ። ኧረ ጉዴ።

ጥሬ_ወዳድ
አዋዜውን አነሳሁት። ይቅርታ።

ነጭ_ጋወን
የተመለሰውን ለቁርጥ አትሽጠው። ለወጥ ዛሬውኑ ጨርሰው። አሲዱ ስለሌለው ቶሎ ይበላሻል።

ሐረርጌ_አባት
ልጄ፣ ሐረር ሰንጋ ብለህ ስትጠይቅ አየሁ። ሰው ዝርያው ነው ይላል። ዝርያውም አለ፣ ግን አያያዙ ይበልጣል። እኛ ጋ በሬው ሲያርስ ኖሮ ነው ለድለባ የሚገባው። የተኮላሸ ነው። ደጃፍ ላይ ታስሮ ከእጅ ይበላል። ከማሽላውና ከበቆሎው ማሳ የሚሳሳውን ችግኝ፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን፣ የስኳር ድንች ሐረጉን ልጆች እየቆረጡ ያመጡለታል። የትም አይሄድ። አይደበደብ። እንግዳ ሰው እንኳ ሲጠጋው አይደነግጥ።
ስትገዛ ዓይንህን አትመን። የጭራውን ሥር በእጅህ ጨብጥ። አጥንቱ ከቆረቆረህ ተወው። እንደ ሊጥ እጅህ ከሰመጠ በሬ አገኘህ። ጨለንቆ ገበያ ብትወጣ አታጣም።

ነጭ_ጋወን
ጋሼ፣ ስለ ሰንጋው ያሉት በሙሉ ልክ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ዛሬ ከጨለንቆ አስጭኖ ነገ ቢያርደው ያው ጥቁር ሥጋ ነው የሚያገኘው። የጠፋው ስኳር በአንድ ሌሊት አይመለስም፣ ቀናት ይፈልጋል።
ስለዚህ እዚያው አዳማ፣ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆመ የተኮላሸ ሰንጋ ፈልግ። ከኤክስፖርት ደላቢዎች አትግዛ፣ እነሱ ጋ ያለው ለግብፅና ለዓረብ አገር የሚላክ ወጣት የቦረና ኮርማ ነው። ገዢዎቹ ቀይ ሥጋ ስለሚፈልጉ ይወዱታል፤ ላንተ ግን አይሆንም። ውሃ ይጠጣ። በቀስታ ይሂድ፣ ዱላ አይንካው። ዛሬ ሌሊት ቄራ ይታረድ። ከነአጥንቱ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተሰቅሎ ይደር። ጠዋት ፍሪጅ ይግባ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ። ፍሪዝ አይደለም! ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ቁረጠው። ለስቴክ ከ7 እስከ 14 ቀን መቆየት ነበረበት፣ ግን ጊዜ የለህም። እነዚህ ሁለት ቀናትም ልዩነት ያመጣሉ።

ፋጉሎ_90
ፋጉሎ ስጠው ስል ሰሚ የለም። 90 ቀን።

የቄራው_ልጅ
እኔ የምለው፣ ሼፉ ስብ እንደ ክር የገባበት ሥጋ ከፈለገ ሻኛውን ስጠውና ገላግለን። ሃሃሃ።

ሼፍ_ዱባይ
አትሳቁ፣ ልጁ ልክ ነው። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ብራዚሎች ሻኛውን ኩፒም ይሉታል። ቀስ ብለው ሰዓታት ጠብሰው እንደ ክብር ምግብ ነው የሚያቀርቡት። ከዜቡ ከብት ላይ ማርብሊንግ ያለው ብልት ቢኖር ሻኛ ነው። ቀዩና ነጩ ድብልቅልቅ ያለ ነው፣ ቆርጠህ እየው። እንደ ስቴክ ቶሎ ከጠበስከው ግን ይጠነክራል። በዝቅተኛ እሳት አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ይህን ለሼፉ ንገረው፣ ካልነገርከው እንደገና ይመልስልሃል።
የብራዚል ከብት አብዛኛው ኔሎሬ ነው። እሱም ባለ ሻኛ ነው፣ ማርብሊንጉም እንደ እኛው ነው። ሆኖም እዚህ በየቀኑ እንገዛዋለን። ማንም ዋግዩ ነው ብሎ አይሸጠውም። አንተም እንደዚያው ደፍረህ «ማርብሊንግ የለኝም፣ ለስላሳ ቀይ ሥጋ አለኝ፣ ሻኛም አለኝ» በለው። ሼፍ የሚጠላው ሥጋ ሳይሆን ድንገተኛ ነገር ነው።
ከሆቴሉ ጋር የምትቀጥል ከሆነ ደግሞ ቢሾፍቱ አካባቢ የወተት እርባታዎች የሚሸጡትን ወንድ ጥጃ አስብበት። የፈረንጅ ላም ወንዱ፣ ሆልስቴይን ወይም ክልሱ፣ ገና በልጅነቱ ተኮላሽቶ እህል ከበላ ከቦረናው ይልቅ ማርብሊንግ ይይዛል። ሰው የወተት ዘር ነው ብሎ ይንቀዋል። አሜሪካ ግን ቾይስ እየተባለ ይሸጣል።

ሥጋ_በጮማ
ሻኛ ለፈረንጅ?! ለአማች የሚቀመጥ ብልት ነው እኮ። በቃ አገሪቱ አልቆላታል።

ብዙ_አንባቢ
ሻኛውን በተመለከተ ሼፍ ዱባይ ያሉት ትክክል ነው። ጡንቻው በላቲን ሮምቦይደስ ይባላል፣ ሥራውም...

አዳማ_ልኳንዳ (ሐሙስ፣ ማታ 12፡45)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር በተለይ። ሼፉን ደወልኩለት። ስለ ሻኛው ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ «ኩፒም? ላከው» አለኝ። ስንት ኪሎ እንደሆነ አልጠየቀም። ጎሮው በኩል አንድ አዛውንት ጋ ስድስት ጥርስ ያለው ሰንጋ አለ ብለውኛል፣ ከጥምቀት ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ የታሰረ። አሁን ሄጄ ጭራውን እጨብጣለሁ።

ሐረርጌ_አባት
ከጎኑ ቆመህ ጨብጥ፣ ልጄ። ከኋላው አትቁም።

የቄራው_ልጅ (እሑድ፣ ቀን 7፡10)
አዳማ፣ ምን ደረስክ? ሼፉ በላው ወይስ አንተን በላህ?

ሼፍ_ዱባይ
እኔም እየጠበቅሁ ነው። ሻኛውን በስንት ሰዓት አበሰለው?

ጥሬ_ወዳድ
ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ኦንላይን አልገባም። በሬው ረግጦት እንዳይሆን።

ፋጉሎ_90
ምክሬን ሰምቶ ፋጉሎ እያበላው ይሆናል። ገና 87 ቀን ይቀረዋል።