አውግስጦስ ሰላም «ሰጠ»? ማን ለማን?

ጠጅ ሣር፦ ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ እንግዳ «አውግስጦስ ቄሣር ለዓለም ሰላም ሰጠ» ብሎ አረፈው። ጋዜጠኛው «ልክ ነው» ብሎ ሙዚቃ ለቀቀ። እኔ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ሰጠ? የሮም የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ራሱ ባስጻፈው የሥራ ዝርዝር ላይ ያኑስ የሚባለው የሮም ጣዖት ቤተ መቅደስ በር በእሱ ዘመን ሦስት ጊዜ ተዘጋ ብሎ ይኩራራል። በሩ የሚዘጋው ጦርነት የሌለ ጊዜ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ነግሦ ሦስት ጊዜ! በቀረው ጊዜ ሠራዊቱ እስፔን ተራራ ላይ፣ አልፕስ ላይ፣ ጀርመን ጫካ ውስጥ ነበር። ከሞናኮ በላይ ላ ቱርቢ የሚባል ቦታ የድል ሐውልቱ ዛሬም አለ። የተሸነፉት የአልፕስ ጎሣዎች በስም ተዘርዝረውበታል፤ ከ40 በላይ ናቸው። ሰላም የተሰጣቸው እነሱ መሆናቸው ነው።

የሽሮ ሜዳው፦ አንተ ደግሞ ሰው ሲመሰገን ሆድህን ይቆርጥሃል። ከእሱ በፊት የነበረውን ለምን ዘለልከው? የሮም ጦር አለቆች ማሪየስና ሱላ እርስ በርስ ተባሉ። ዩልዮስ ቄሣርና ፖምፔዮስም ተባሉ። ሲሴሮን የሚያህል የሮም ተናጋሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ታርዶ፣ ራሱና እጁ ይናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀለ። ይህን ያስቆመው ማነው? አውግስጦስ አንቶንዮስን ካሸነፈበት ከአክቲየም ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኔሮን እስከሞተበት እስከ 68 ዓ.ም. ድረስ ሮም ትልቅ የእርስ በርስ ጦርነት አላየችም። ወደ መቶ ዓመት ነው። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ስጦታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጠጅ ሣር፦ ሲሴሮን ስላነሳህልኝ አመሰግናለሁ። የሚገደሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንቶንዮስ፣ ሌፒደስ፣ ሦስተኛውስ? ገና 20 ዓመቱ የነበረው ኦክታቪያን። በኋላ ስሙን አውግስጦስ ያሰኘው ያው ልጅ። ቤቱን አብሮ ለኩሶ፣ እሳቱ ሲበርድ «አጠፋሁላችሁ» የሚል ሰው።

ወለላ፦ እኔ «ሰጠ» የሚለው ቃል ላይ ችግር የለብኝም። ሰጥቷል እኮ! ለጡረተኛ ወታደሮች መሬት ሲሰጥ ለጣልያን መሬት ብቻ 600 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ ነው) ከፍሏል። ለክፍላተ ሀገሩ ደግሞ 260 ሚሊዮን ገደማ። ስንዴ በነፃ የሚሰፈርለት የሮም ነዋሪ ከ200,000 በላይ ነበር። 82 ቤተ መቅደስ በአንድ ዓመት አሳድሷል። ውኃ በቦይ አስገብቷል፣ እሳት የሚያጠፋ ዘብ አቁሟል። ሌላው ባለሥልጣን ዘርፎ ሲሄድ እሱ ከተማ ሠርቷል። ደግሞ ሕዝቡ ጠላው እንዳትሉኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ22 ረሃብ ሲገባ ሕዝቡ ራሱ ወጥቶ «አምባገነን ሁንልን» ብሎ ለመነው። እሱ ነው እምቢ ያለው።

አምስተኛ ፎቅ፦ የራበው ሰው የማይለምነው ነገር አለ እንዴ ወሌ?

ጠጅ ሣር፦ ወለላ፣ ስንዴው የማን ነው? የግብፅ ገበሬ ነው ያመረተው። ግብፅን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ከያዘ በኋላ የሚሾመው ሰው ለእሱ ብቻ ተጠሪ ነበር። ሴናተር እንኳ ያለ እሱ ፈቃድ እግሩን አያስገባም። ከጎረቤት ጎተራ ዘግኖ ሲመጸውት ቸር ተባለ። መሬቱንም አውቀዋለሁ። ለገዛው ከፈለ ያልሽው እውነት ነው። ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ41 ለወታደሮቹ የጣልያን ከተሞችን መሬት ሲነጥቅ ማን ከፈለ? 18 ከተሞች ነበሩ ለዚያ የተመደቡት። ሰጠ የሚባለው ሁሉ ጀርባው ሲገለበጥ ወሰደ ይላል።

የሽሮ ሜዳው፦ «ሰጠ» «ሰጠ» «ሰጠ»። ሰዋስው ነው የምንማረው ወይስ ታሪክ?

የመሪጌታ ልጅ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር አትርሱ። ጌታችን የተወለደው በዚያ ዘመን ነው። ሐዋርያት ከኢየሩሳሌም እስከ ሮም የሄዱት በሮማውያን መንገድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም «ወደ ቄሣር ይግባኝ» ያለው የሚሰማ ፍርድ ቤት ስለነበረ ነው። እግዚአብሔር ዘመኑን ሲያመቻች አውግስጦስን መሣሪያ አድርጎታል። ይህን ማክበር ምን ይጎዳል?

አምስተኛ ፎቅ፦ አባባ፣ በአክብሮት። ያው ወንጌል «ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ወጣች» ይላል። የሚጻፈው ለምን ይመስልዎታል? ለግብር ነው። የሐዋርያት ሥራ ላይ «ሰዎች በተጻፉበት ዘመን የገሊላው ይሁዳ ተነሣ» የሚል አለ። ሰላም ከነበረ ሰውየው ለምን ተነሣ? ሄሮድስ የሞተ ጊዜም በይሁዳ ሁከት ሲነሣ የሶርያው ገዥ ቫሩስ ዘምቶ 2,000 ሰው ሰቅሏል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ ጽፎታል። 2,000 መስቀል! ጌታ ገና ሕፃን ሳለ መሆኑ ነው።

ጠጅ ሣር፦ ይኸው ቫሩስ በ9 ዓ.ም. ጀርመን አገር ቶይቶቡርግ ጫካ ውስጥ ከሦስት ሌጌዎን (የሮም ክፍለ ጦር) ጋር ያለቀው ነው። አውግስጦስ በር ላይ ጭንቅላቱን እየመታ «ቫሩስ፣ ሠራዊቴን መልስ» ያለለት። ይሁዳ ላይ ለተሰቀሉት ግን ራሱን የመታ አልተሰማም።

የሽሮ ሜዳው፦ 9 ዓ.ም. በእኛ ነው በፈረንጅ?

ጠጅ ሣር፦ በፈረንጅ። መልስ ሲጠፋ ካላንደር ይመጣል።

የሽሮ ሜዳው፦ መልስ አልጠፋም። ድንበር ላይ ጦርነት ነበረ፣ ማን ካደ? እኔ የምልህ በድንበሩ ውስጥ ያለው ነጋዴ ከእስክንድርያ እስከ ጣልያን ወደብ ፑቴዎሊ ድረስ ዕቃውን ጭኖ ይደርስ ነበር ነው። አንተ የተሸነፉትን ብቻ ትቆጥራለህ። በሰላም ያደሩትን አትቆጥርም። የሮሙ ቄሣር ገላውዴዎስ በ48 ዓ.ም. የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ሰዎችን ሴኔት አስገብቷል፤ ንግግሩ ነሐስ ላይ ተቀርጾ ሊዮን ውስጥ ተገኝቷል። የተወረረው የልጅ ልጁ ሴናተር ከሆነ ምን ትላለህ?

አምስተኛ ፎቅ፦ የትኛው ሴኔት? እጅ የሚያወጣው? አውግስጦስ በሞተበት ዓመት፣ በ14 ዓ.ም.፣ የሹማምንቱ ምርጫ ከሕዝቡ ተነጥቆ ለሴኔቱ ተሰጠ። የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደሚለው ሕዝቡ ከማጉረምረም ያለፈ ምንም አላደረገም። (ይሄም «ተሰጠ» ነው፣ ልብ በሉ።) እኔን የሚገርመኝ በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የጣልያኗ ፖምፔይ ነች። ትንሽ ከተማ ናት፣ ግን ግድግዳዋ ሁሉ «እገሌን ምረጡ» የሚል ቀለም ነው። ዋናው ከተማ ዝም ሲል የገጠሩ ይጮሃል።

ደጋማው፦ ሁላችሁም የራሳችሁን ቤት ረሳችሁ። አውግስጦስ በዚያው ባስጻፈው የሥራ ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያን ወጋሁ ብሎ አጽፏል። ሬዲዮው ይህን አያወራም!

ወለላ፦ ጋሽ ደጋማው፣ ያ የእኛ ኢትዮጵያ አይደለም። ናፓታና ሜሮኤ ናቸው፣ የዛሬው ሱዳን። ግሪኮች ከአስዋን በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። እኛን ከፈለጉ አዱሊስ ወደብ ይሂዱ፤ እዚያ ጦር ሳይሆን የዝሆን ጥርስ ነው ያገናኘን።

ደጋማው፦ ልጄ፣ መጽሐፍ «ህንደኬ የኢትዮጵያ ንግሥት» ይላል። አንቺ ከመጽሐፍ ትበልጫለሽ?

ወለላ፦ ህንደኬ ማለት እኮ ካንዳኬ ነው፣ የሜሮኤ ነገሥታት እናት ወይም ንግሥት መጠሪያ። እርስዎ የሚሉትን ነው የምለው፣ ቦታው ብቻ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ጠጅ ሣር፦ ቦታውን ተዉትና ታሪኩን ስሙት፣ ግሩም ነው። የሮም ጦር ዓረብ አገር ሲሄድ የሜሮኤ ሰዎች አስዋንን መትተው የአውግስጦስን ሐውልቶች ማርከው ወሰዱ። ፔትሮንዮስ የሚባለው የግብፅ ገዥ ናፓታን አፍርሶ ተበቀለ። ከዚያ ድርድር ሲመጣ «ወደ ቄሣር ሂዱ» ቢላቸው መልእክተኞቹ «ቄሣር ማነው? የትስ ይገኛል?» አሉት። የግሪኩ ጸሐፊ ስትራቦ ነው የጻፈው። በስተመጨረሻ ሳሞስ ደሴት ላይ አገኙት፤ ግብሩን ተወላቸው። የአንድ የአውግስጦስ ሐውልት የነሐስ ራስ ደግሞ በ1910 በፈረንጅ ሜሮኤ ላይ ተቆፍሮ ወጣ። የት የተቀበረ ይመስላችኋል? የቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር። የገባ የወጣ ሁሉ እንዲረግጠው። አሁን የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ደጋማው፦ በለው! የኛ ሰዎች!

ወለላ፦ የኛ አይደሉም አልኩ እኮ።

የሽሮ ሜዳው፦ ይኸው እንግዲህ፣ ግብሩን ተወላቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሰጠ በል።

ጠጅ ሣር፦ ሊያስገብር ያልቻለውን ነው የማረው። እሱን ተወውና፣ የሲሴሮን ስም ያለበትን ዝርዝር ማን አወጣው? እስካሁን አልመለስክም።

የሽሮ ሜዳው፦ ሲሴሮንን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው አንቶንዮስ ነው። ኦክታቪያን ሁለት ቀን ተከራክሮለታል፣ የግሪኩን ጸሐፊ ፕሉታርክን ተመልከት።

አምስተኛ ፎቅ፦ በሦስተኛው ቀንስ?

የመሪጌታ ልጅ፦ ልጆች፣ ፔትሮንዮስ ብላችሁ የጻፋችሁት ጴጥሮንዮስ ነው የሚባለው።

ጠጅ ሣር፦ አባባ፣ አስተካክላለሁ። የሽሮ ሜዳው፣ ሦስተኛውን ቀን እየጠበቅኩ ነው።